«ጉድለት የለም» ስለተባለው ትከሻዬ

ለተከበሩ የሕክምና ቦርድ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ሆኑ መገጣጠሚያዎችዎ ሁሉ በየቦታችሁ በሰላም እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔ ቀኝ ትከሻ ግን ባለፈው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በእርስዎ ክፍል ውስጥ፣ በእርስዎ ትእዛዝ፣ ስድስት ተለማማጅ ሐኪሞች እያዩ ወልቋል።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ላስታውስዎ። እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ኤለርስ-ዳንሎስ የሚባል፣ መገጣጠሚያን አጥብቆ የሚይዘውን የሰውነት ማሰሪያ የሚያላላ በሽታ አብሮኝ ተወልዷል። ርዕሰ መምህራችን የቦርድ ወረቀት ካላመጣሁ ክፍል ውስጥ ያለኝን ወንበር ከእንግዲህ እንደማይፈቅዱልኝ፣ ቆሜ ማስተማር ካልቻልኩም ቦታዬን ለሚችል እንደሚሰጡ ስለነገሩኝ ደጅዎ መጣሁ። የጠየቅሁት ተቀምጬ እንዳስተምር የሚል ወረቀት፣ ለእጅ አንጓዬ ድጋፍ፣ በሽታውን ወደሚያውቅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ሪፈር ነበር።

እርስዎ ግን አውራ ጣቴ ታጥፎ ክንዴን ሲነካ ባዩ ጊዜ ፊትዎ በራ። «ኑ ኑ፣ ይህችን ልጅ እዩልኝ፤ ላስቲክ ናት እኮ!» ብለው ተለማማጆችዎን ጠሩ። ክንዴን ወደ ጀርባዬ እንዳዞር፣ ከዚያም ትንሽ እንድጨምር አዘዙኝ። እንደሚወልቅ ነገርኩዎት። «አይዞሽ፣ አንቺን የሚሰብር የለም» አሉ። ጨመርኩ፤ ወለቀ። ስድስት ምስክር ስላዘጋጁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቅሬታዎቼን ለማመዛዘን እንዲመችዎ በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. ጉልበቴንና ክርኔን በማዕዘን መለኪያ ለክተዋል። ቅጽዎ የሚጠይቀው መገጣጠሚያ ምን ያህል እንደሚጎድለው ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚጻፍበት ሣጥን የለውም። ስለዚህ ጉልበቴ ከቀጥታው አልፎ አሥራ አምስት ዲግሪ ወደ ኋላ ሲሄድ «ጉድለት፦ የለም። እንቅስቃሴ፦ ከመደበኛው የላቀ» ብለው ፈረሙ። ተማሪ ሳለሁ እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት አግኝቼ አላውቅምና ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ነገር ግን ከልኩ አልፎ የሚከፈት በር ጎበዝ በር አይባልም። ማጠፊያው የተበላሸ በር ነው።

፪. ትከሻዬ መውለቁን «ታማሚዋ መገጣጠሚያዋን በፈቃዷ ታወልቃለች» ብለው መዝግበውታል። የማን ፈቃድ እንደነበረ ምስክሮችዎን ይጠይቁ።

፫. መድኃኒት ብለው ያዘዙልኝ በየጠዋቱ ጅማቶቼን እየሳብኩ ሰውነቴን እንዳፍታታ ነው። እኔ የሚያስፈልገኝ ጡንቻዎቼን ቀስ በቀስ አጠንክሮ መገጣጠሚያዬን የሚጠብቅልኝ ሰው ነው። ለሰጠመ ሰው ውሃ እንደ ማዘዝ ያለ ልግስናዎን ግን አልረሳውም።

፬. የት የት እንደሚያመኝ አልጠየቁኝም፤ ሳልጠየቅ ልናገር። ጠመኔ ስይዝ ጣቶቼ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። ክንዴን ማንሳት ስለማልችል ከሰሌዳው ላይኛ ግማሽ ከተሰናበትኩ ዓመት ሆኖኛል፤ ተማሪዎቼም አንገታቸውን አስግገው ከታች ማንበብ ለምደዋል። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዳሌዬ መንሸራተት ሲጀምር ጠረጴዛውን ይዤ የምቆመው ኩራት ይዞኝ አይደለም። አንድ ጊዜ ወድቄ እዚያው ሆስፒታልዎ ቅንድቤ ሲሰፋ ማደንዘዣው እንዳልያዘኝ ብናገር የሚሰፋኝ ሐኪም «ጎረምሳ የምታስፈራሪ ትመስያለሽ፣ መርፌ ትፈሪያለሽ?» ብሎ ቀልዶ ስፌቱን ቀጠለ። ማደንዘዣ እንደኔ ያሉትን ሰዎች ብዙ ጊዜ በወጉ እንደማይዝ ያወቅሁት እኔ ራሴ አንብቤ ነው። ማንበብ የሐኪም ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ስላረሙኝ አመሰግናለሁ።

ወረቀትዎ ትምህርት ቤት በደረሰ ማግስት ወንበሬ ከክፍል ወጣ። ርዕሰ መምህሩ ፊርማዎን እያሳዩ «ከእኔ የተሻልሽ ጤነኛ ነሽ ተብሏል እኮ» አሉኝ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቆሜ ካላስተማርኩ ስንብቴ ይጻፋል።

እንግዲህ ክቡር ሰብሳቢ፣ ጉዳዬ በሌሎች ሐኪሞች እንደገና እንዲታይ አመልክቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሰውነቴን ለማንም መማሪያ ትርኢት አድርጌ አላጣጥፍም። «ትንሽ ጨምሪ» ስባል አልጨምርም። ስለ ሕመሜ አንድ ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው ስለ ጤንነቴ የሚፈርመውን ወረቀት አልቀበልም። ሥራዬንም አልለቅም፤ ወንበሬን ከቤት ይዤ እገባለሁ፣ የሚያወጣው ካለ እኔን ከነወንበሬ ተሸክሞ ያውጣ።

ቀኝ እጄ በአንገቴ ታስሮ ስለሚገኝ ለፊደሎቼ መንጋደድ ይቅርታ እየለመንኩ፣ ረጅም ዕድሜና የማይንሸራተት ትከሻ የምመኝልዎ፣

በግራ እጇ የጻፈችው የሒሳብ መምህርት

ግልባጭ፦
ለርዕሰ መምህሩ
ለስድስቱ ተለማማጅ ሐኪሞች፣ ገና ሳይረፍድ

ማስታወሻ፦ እናቴ ይህን ደብዳቤ አንብባ «ልጄ፣ ኧረ አበዛሽው፤ ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም» ብላኝ ነበር። ቀጥሎ የእርስዎን ወረቀት ሰጠኋት። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያም «አሳነስሽው» አለችኝ።