ማንም ሳይሞት ተላጨሁ

እማዬ፣

ቅዳሜ ከሰዓት እቴቴ ብርቄ የግቢውን በር ከፍታ የተላጨ ራሴን ስታይ የያዘችውን የሽንኩርት ፌስታል ጥላ እሪ አለች። ሁሉም ነገር የተበላሸው ያን ጊዜ ነው። እህትሽን ታውቂያት የለ፣ ጠይቃ መልስ አትጠብቅም። "ማንን ነው? ማንን ነው የደበቃችሁኝ?" እያለች ደረቷን ትደቃ ጀመር። አፌን ሳልከፍት የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው "እግዜር ያጽናሽ ልጄ" አሉኝና ድንኳኑ የት እንደሚተከል ግቢውን በዓይናቸው ይለኩ ጀመር። ማንም አልሞተም ብዬ ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። የሰማኝ የለም።

ከሄድሽ አራት ዓመት ሊሞላ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ተቆጥቼ ስለነበር ነው። አሁንም ተቆጥቻለሁ፤ ግን የምነግርሽ ነገር አለ።

ሥራ ይዣለሁ። አዲሱ ገበያ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እዚያ ሰብለ የምትባል የሒሳብ አስተማሪ ጓደኛ አለችኝ። ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኘባት፣ መድኃኒቱ ፀጉሯን ጨረሰው። እሷ ግን ሻሽ አላሰረችም። ራሷን ገልጣ ክፍል ገባች፤ ተማሪዎቹ ፈዝዘው ሲያዩዋት "በሉ፣ ዛሬ የምንማረው ስለ ክብ ነው" ብላ ጠመኔዋን አነሳች። ለሕክምናዋ ገንዘብ ለማሰባሰብ አስተማሪዎቹ ቅዳሜ ሜዳው ላይ ልንላጭ ተስማማን። ከሴት እኔና የስፖርት አስተማሪዋ ብቻ ነበርን። ከሸጎሌ የመጣው ፀጉር ቆራጭ "እህቴ፣ እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሰብለ መስታወት ይዛልኝ ቆማ "የኔ እንኳን ክብ ነው፣ አንቺ ግን ድንች ነሽ" አለችኝ። እንደዚያ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

እየሳቅኩ ነበር ቤት የገባሁት።

ግቢ ለሞላው ለቀስተኛ የሥራ ባልደረባዬ ካንሰር ስለያዛት ነው የተላጨሁት አልኩ። ከጎረቤት ሴቶቹ እትዬ አስካለ አማተቡና "ምነው ልጄ፣ ስሙን አትጥሪው" አሉኝ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ አንድ በአንድ ወጡ። ጋሽ ታደሰ ብቻ በሩ ላይ ዞር ብለው "እንግዲያው እግዜር ይማራት" አሉ። እቴቴ በሩን ዘጋችና መጣችብኝ። "ለእናትሽ አንዲት ዘለላ ያልቆረጥሽ፣ ለባዕድ ትላጫለሽ?"

መቼ ልላጭልሽ ኖሯል እማዬ? አንቺ ስትቀበሪ እኔ ባሕር ዳር የመጨረሻ ፈተናዬን እየተፈተንኩ ነበር። በደወልኩ ቁጥር "ተኝታለች" ይሉኛል። መርዶውን የሰማሁት ከቀብርሽ በኋላ በዘጠነኛው ቀን፣ ፈተናዬን ጨርሼ ሻንጣዬን እንደያዝኩ ነው። ከዚያ በፊት ለገና ስመጣ ሻሽሽን እስከ ቅንድብሽ አጥብቀሽ አስረሽ ነበር። "ራሴን ብርድ መታኝ" አልሽ። ለምን ከሳሽ ስልሽ "ጨጓራ ነው" አልሽ። የሴል ክፍፍል የምታጠና ልጅሽ አመነችሽ። እውነቱን ያገኘሁት ልብስሽን ሳወጣ፣ ከቁምሳጥኑ ሥር ከተሸጎጠ የሐኪም ወረቀት ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ለእቴቴ ነገርኳት፣ ጎረቤት ይስማ ብዬ ጮኼ። ያን ጊዜ ቤቲ ከጓዳ ወጣች። ትንሿ ልጅሽ ለጥር ልትዳር ነው፤ ይህንንም አልሰማሽም። እጄን ይዛ በሸሚዟ ላይ ከግራ ብብቷ ዝቅ አድርጋ አስነካችኝ። ባቄላ የሚያክል ጠንካራ ነገር ነው። "ከመስከረም ጀምሮ ነው" አለች። "እቴቴ ከሠርጉ በኋላ ትታያለሽ ብላኝ ነው።"

ካንሰር ላይሆን እንደሚችል አውቃለሁ። የጡት እብጠት ሁሉ ካንሰር እንዳልሆነ ራሴ ነኝ ለተማሪዎቼ የማስተምረው። ግን ሳይታዩ አይታወቅም፣ እቴቴ ደግሞ እያወቀች ሁለት ወር ዝም አለች። ያልወጣኝ ቃል የለም፤ አንዳንዱን ብትሰሚ ታፍሪብኝ ነበር። እሷ አጎንብሳ የተበተነውን ሽንኩርት ስትለቅም ቆየችና "እናትሽ ናት በማርያም ያስማለችኝ" አለች። "ወሬው ከወጣ ልጆቼን ማን ያገባቸዋል ብላ።"

ለካ አንቺ ነሽ። አራት ዓመት ሙሉ እህትሽን የጠላኋት በአንቺ ፈንታ ነው።

ለእኛ ብለሽ ነው፣ አይጠፋኝም። ስታጥቢን ውኃው እንዳያቃጥለን አስቀድመሽ ክንድሽ ላይ የምታፈሺ ሴት ነበርሽ። ቤቲ ግን መደበቅን የተማረችው ከአንቺ ነው። እኔም ልሰናበትሽ ሲገባኝ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ስለ ጨጓራ መድኃኒት እጠይቅልሽ ነበር። ይህን ይቅር ለማለት ሞክሬያለሁ፤ ገና አልሆነልኝም።

ሰኞ ጠዋት እኔና ቤቲ ሁለታችንም ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ምክንያቱንም ማመልከቻው ላይ በስሙ ጽፌዋለሁ። ለእጮኛዋ ቤቲ ራሷ ትነግረዋለች። የሚሸሽ ከሆነ አሁን ይሽሽ። እቴቴ አብሬያችሁ እሄዳለሁ ብላለች፤ ትምጣ።

አንቺን አልረሳሽም። የማስታውሰው ግን ያስወራሽውን አይደለም፣ የሆነውን ነው፤ ፀጉሯ የረገፈውን፣ የፈራችውን፣ ካንሰር የገደላትን እናቴን። ልጆች ብወልድ የምነግራቸው እሱን ነው። ሕመምን ለሠርግ ብሎ ማሳደርን ከእንግዲህ በዚህ ቤት አልቀበልም። ለእኔ ታስቦ የሚነገረኝን ውሸትም አልቀበልም፣ ከሚወደኝ ሰው ቢመጣም። ከአንቺም ቢሆን።

ልጅሽ
ሜሮን