እኔን ትተሽ ፖሊስ ለጠየቅሽው

ውድ ልጄ፣

ውድ ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ስለሚባል ነው እንጂ ዛሬስ ሆዴ አልፈቀደም። ፊደሌ ቢንጋደድ ችለሽ አንብቢው። ማንም አልጻፈልኝም።

ወኪልሽ ቤቴ መጣ። ጫማው ያብረቀርቃል። «አባባ፣ ልጅዎ ስለ እናቷ አሟሟት የፖሊስ ሪፖርቱን ኮፒ ከውጭ ሆና ጠይቃለች። ጣቢያው ደግሞ ባልየው ካልፈረመ አልሰጥም ብሏል» አለኝ። ባልየው እኔ ነኝ። እኔ በሕይወት እያለሁ ባሕር ማዶ ሆነሽ ጣቢያ ታስጠይቂያለሽ? ቁጭ በል እንኳን አላልኩትም።

ምን እንዳሰብሽ አውቃለሁ። እናትሽ የሞተች ዕለት አጎትሽ ዘመዱን ሰብስቦ «ልጅቷ በሰው አገር ብቻዋን ናት። እናትሽን መኪና ገጫት ብንላት ታብዳለች። ታማ አልጋዋ ላይ አረፈች እንበላት» አለ። እኔ እንቢ አልኩ። «እንግዲያው ስልክ እንዳትነካ፣ ታበላሽብናለህ» አለኝ። አልነካሁም። እውነቱን እንዳልነግርሽ ዘመድ ሁሉ ከበበኝ፤ ውሸቱ ደግሞ ከአፌ አይወጣም። ስትደውዪ ስልኩ እፊቴ እየጮኸ ዝም አልኩ። ኋላ ጎረቤታችን ስታወራሽ «መኪናው» የምትል ቃል አመለጠቻት። አንቺም «አባዬ ዝም ያለው የሚደብቀው ቢኖረው ነው» አልሻት። የዋሹሽን ሁሉ ትተሽ ያልዋሸሽን ሰው ጠረጠርሽ።

እንግዲያው ስሚ። እናትሽ አዲሱን መነጽሯን አድርጋ ከዓይን ሐኪም ቤት ወጣን። ደስ ብሏት የየሱቁን ስም እያነበበች ታስቀናኛለች። እኔ ቀደም ቀደም አልኩ። «አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል፣ ውድድር ነው እንዴ?» ብላ ከኋላዬ ሳቀች። የውሃ ቦቴ ከአንድ ግቢ ወደኋላ እያለ ወጣ። ከኋላው ቆሞ የሚያሳየው ረዳት የለም። ዞሬ ጮህኩ። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ለቆታል፣ አልሰማኝም፤ ገጫት። ሐኪም ቤት ሳንደርስ እጄ ላይ አረፈች። መነጽሩ አልተሰበረም። አልጋ የለም፣ በሽታ የለም። ይኸው ነው።

ወኪልሽ በመጣ በማግስቱ ጣቢያ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ፖሊስ የቀለም ሳጥን አስጠጋችልኝ።

«አባት፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ።»

«ለምን?»

«ፊርማ ካስቸገረዎት ብዬ ነው።»

«ያስቸገረችኝስ ልጄ ናት።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩት፣ ከመስመሩም አለፈ።

«ኮፒውን ላንብብልዎት?» አለችኝ።

«እንዳታነቢው። እኔ እዚያው ነበርኩ» አልኳት።

ሪፖርቱ ማኅተም ተመቶበት በወኪልሽ በኩል ይደርስሻል። ይህን ደብዳቤ ከጎኑ ዘርግተሽ አስተያዪ። ውሸት ካገኘሽብኝ አክብበሽ ላኪልኝ፣ ከዚያ ወዲያ አባቴ አትበዪኝ። ካላገኘሽ ግን ትደውያለሽ። ለአጎትሽ አይደለም፣ ለእኔ። መጀመሪያ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ። ከዚያ እናትሽን አብረን እናለቅሳለን፤ እስካሁን ያንቺን ድርሻም እኔው ነኝ ያለቀስኩት።

ስልኩን እኔ አነሳለሁ። አጎትሽ እጁን ቢዘረጋም አላቀብለውም።

ቁጣው ያልበረደለት
አባትሽ