ደባርቅ ልሂድ ያልሁ ዕለት

ደባርቅ፣ ኅዳር 1956 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ወልደኢየሱስ፣

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ አዛለችስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ብርዱን እየለመድሁት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ስልክ ቤቱን ስከፍት ብቻ ጣቶቼ አንታዘዝም ይሉኛል። ደብዳቤ ስጽፍ ያየ ሁሉ «ስልኩ በእጅሽ እያለ ምነው በወረቀት?» ይለኛል። ለእርስዎ ወረቀት እንደሚሻል እኔ ነኝ የማውቀው።

ደባርቅ አዲስ ስልክ ቤት ሊከፈት ነውና ለኃላፊነት የሚበቃ ሰው ስም ላኩ የሚል ትእዛዝ የመጣ ጊዜ፣ ጎንደር ያለነው ሠራተኞች ሁሉ ክንዱ ይላካል ብለን ነበር። ክንዱ መስመር ማገናኘት የተማረው ከእኔ ጎን ተቀምጦ ነው። ሸጋ ልጅ ነው፣ ክፉ አልመኝለትም። ግን ነገሩ እንደ እሾህ ወጋኝ። እናቴ «ጋሼ ወልደኢየሱስ አለቃሽ አይደሉ? ሄደሽ ንገሪያቸዋ!» አለችኝ። እሷ ምን ታውቃለች! እኔን የያዘኝ ሌላ ነበር።

የያዘኝን እርስዎም ያውቁታል። ከአዲስ አበባ ሲደወል «እስኪ ተቀበይልኝ፣ እጄን ቀለም ነክቶታል» ይሉኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጉንፋን ይሆናል ምክንያቱ። እኔም የሰማሁትን ፊቴን ወደ እርስዎ አዙሬ፣ ቃል በቃል ቀስ ብዬ እደግምልዎት ነበር። ጆሮዎ እየደከመ መሄዱን እኔ አንሥቼው አላውቅ፣ እርስዎም አልነገሩኝ። የስልክ ቤት ኃላፊ መስማት ተሳነው ቢባል ምን እንደሚከተል ሁለታችንም አላጣነውም። እኔ ደባርቅ ከሄድሁ ማን ይሰማልዎታል?

ቢሆንም ቢሮዎ ገባሁ። ከፍርሃቴ የተነሣ ድምፄ ለራሴም አይሰማኝም ነበር።

«ምን አልሽ?» አሉኝ።

«ስለ ደባርቁ ነገር ነበር...»

«ደባርቅ? ደባርቅ ማን ታመመብሽ?»

ዞሬ ልወጣ ቃጣሁ። ግን ተመለስሁ። እንደ ምንም ራሴን አበረታሁና «ደባርቅ ኃላፊ ሆኜ መሄድ እፈልጋለሁ!» ብዬ ጮኽሁ።

ውጭ ያለው ጫጫታ ቀጥ አለ። በሹክሹክታ እንኳ መናገር የፈራሁትን ነገር ቤቱ በሙሉ ሰማው። ክንዱ ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ ሲያፈጥ በበሩ ክፍተት አየሁት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እርስዎ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡም። «ምነው? እዚህ ምን ጎደለብሽ?» አሉኝ።

«የጎደለብኝስ የለም። ግን እዚያች ወንበር ላይ እንደ ተቀመጥሁ ላረጅ ነው። ሥራዬ ጉድለት ካለበት ይንገሩኝና ላርም፤ ከሌለበት ግን ስሜን ይላኩልኝ።»

 «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» ብለው አሰናበቱኝ። በቃ፣ አበቃልኝ አልሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስንወጣ «ወደ ቀሐ ወረድ እንበል» አሉኝ። ወንዙ ዳር ሴቶች ያሰጡትን ልብስ እየሰበሰቡ ነበር። እርስዎ እኔን ሳይሆን ውኃውን እያዩ ጀመሩ።

«አንቺ ከሄድሽ እኔ እዚያ ቢሮ ብዙ አልቆይም። ይህን ታውቂያለሽ።»

በአፍዎ ሲናገሩት ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነው። እንባዬ መጣ። እንዲያዩኝ ፊት ለፊትዎ ቆምሁና «እንግዲያው ይቅርብኝ፣ አልሄድም» አልሁዎት።

«ቅሪ አልሁሽ እንዴ?» ብለው ተቆጡ። «እስከ ዛሬ ስምሽን ለሹመት ያላነሣሁት ሥራሽ ጎድሎ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው የነገርሁሽ። ለራሴ ፈርቼ ነው። ዛሬ ስትጮኺ አፈርሁ፤ ይህን ያህል የምትፈልጊው ነገር መኖሩን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም።»

ስሜን ላኩ። ተቆጣጣሪው ከአዲስ አበባ ሲመጣ እኔንም አስጠርተው ከጎንዎ አስቀመጡኝ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ «ሴት ልጅ ብቻዋን በዚያ ብርድ አገር ኃላፊነቱን ትችለዋለች? በምን እናውቃለን?» አለ።

«ክረምት ላይ ዝናቡ ድብ ባሕር ላይ መስመሩን ሲበጥሰው በስልክ ሲማከሩ የነበሩት ከማን ጋር ነው?» አሉት።

«ከእርስዎ ጋር ነዋ። እሷ የእርስዎን ቃል ታስተላልፍ ነበር።»

«የእኔን ቃል አልነበረም። እኔ ያን ዕለት የተባለውን ግማሹንም አልሰማሁ፤ ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል። ሠራተኞቹን ወደ ድብ ባሕር የሰደደችው፣ ለእርስዎም መልስ ስትሰጥ የነበረችው እሷው ራሷ ናት።»

ተቆጣጣሪው ብዕሩን አስቀመጠ። እኔ ቀና ብዬ ላየዎት አልቻልሁም።

የእኔ ሹመት መጣ፤ እርስዎ ወደ ዕቃ ቤት ተዛወሩ፣ ኋላም ጡረታ ወጡ። ጋሼ፣ ዕቃ ቤት ሲያይዎት አዝኖልዎት አንገቱን የደፋ ሰው እንደ ነበር አውቃለሁ። ለእኔ ግን ከዚያ ቀን በላይ ከብረው የታዩኝ ጊዜ የለም።

እዚህ ብርነሽ የምትባል የቆላ ድባ ልጅ ከእኔ ጋር ትሠራለች፣ እጇ ፈጣን ነው። ባለፈው ሳምንት «ወደ ፊት ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ብላት ደንግጣ «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ መልሷን ግን እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።

አሁን የጻፍሁበትን ምክንያት ልንገርዎት። ወደዚህ የተሳፈርሁ ዕለት ማኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ሳለ ደረሱብኝ። በመስኮት አንድ ነገር ስልዎት «አሜን፣ አሜን» አሉኝ። እግዜር ያቆይልኝ ያልሁ መስሎዎት ነው። ምርቃት አልነበረም፣ ጋሼ። እንዲህ ነበር ያልሁዎት፦ «በእርስዎ ቦታ እኔ ብሆን ኖሮ የሚሰማልኝን ሰው አልሰድም ነበር።»

እትዬ አዛለችን ሳሙልኝ።

አክባሪዎ
ይመኙሽ