የታጠበው የቢንቱ ፊት

ለተከበሩ አቶ ቡሬይማ ዲኮ
የሥዕል አዳራሹ ዳይሬክተር
ቦቦ ዲዩላሶ

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ በጋዜጣ ስትደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከብቶችዎም በፍጹም ጤንነት እንድታገኛችሁ እመኛለሁ። እንዲህ ባለ አክብሮት ስጽፍልዎ ግር እንደሚልዎ አውቃለሁ። እኛ ቦቦዎችና እናንተ ፉላኒዎች ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው የቀልድ ዝምድና ስላለን፣ እኔ "የላም ሌባ" ስልዎ፣ እርስዎም "የጠላ ጋን" ሲሉኝ ኖረናል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ መሰዳደባችንን አልተውንም። ዛሬ ግን ስድቡ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ምክንያቱን ከዚህ በታች በትሕትና ዘርዝሬያለሁ።

1ኛ. ባለቤቴ ሲያካ ሚሎጎ ዓይኑ ሳይጠፋ የሣላቸውን ሥዕሎች በአዳራሽዎ ስለሰቀሉልን እናመሰግናለን። ወረቀቱን ምስጥ እየበላ ቢያስቸግረው ሸራ በነጭ አፈር እየለቀለቀ፣ የውሃ ቀለም እንዲጠጣ አድርጎ የሚሠራ ሰው መሆኑን በመክፈቻው ንግግርዎ ያስረዱን እርስዎ ነበሩ። ከየሥዕሉም ሥር "የውሃ ቀለም በሸራ ላይ" የሚል ጽሑፍ አስለጥፈዋል። ጽሑፉን ማንበቡን ግን ለሌላ ሰው የተዉት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

2ኛ. አገረ ገዥው ሊጎበኙ በመጡበት ዕለት፣ የበረሃው ንፋስ ሥዕሎቹን አቧራ ስላለበሳቸው በእርጥብ ጨርቅ አስወልውለዋቸዋል። በዚህ ብቻ አልፈርድብዎትም። በዚህ ወቅት እንግዳ ሲመጣ እርጥብ ጨርቅ የማያነሳ ቤት በከተማችን የለም፤ እኔም ወንበሮቼን እወለውላለሁ። የውሃ ቀለም ግን ከእርጥብ ጨርቅ ጋር ይሄዳል፤ ከአንዱ ሥዕል የገበያተኛዋ ክንድ ሄደ፣ ከሌላው የጠላ ጠማቂዎቹ እሳት ሄደ፣ ይህን ሁሉ ዋጥኩት። የልጃችን የቢንቱ ፊት ሲሄድ ግን መዋጥ አቃተኝ። ወባ እሷን የወሰደብን የፊት የወተት ጥርሷ በወለቀ ሰሞን ነበር፤ አባቷም የሣላት ያችን ክፍተት እያሳየች ስትስቅ ነው። በፎቶግራፎቿ ሁሉ ፈርታ ነው የቆመችው። የምትስቀው እዚያ ሸራ ላይ ብቻ ነበር።

3ኛ. ይቅርታ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የቢንቱን ሥዕል "የሌለችው" የሚል አዲስ ርእስ ሰጥተው፣ ለገዥው "ሰዓሊው ከታወረ በኋላ የደረሰበት ጥልቅ ምዕራፍ ነው" ብለው ስላብራሩላቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ሰው አስመስሎ ሲሥል የኖረውን ባሌን በአንድ ጨርቅ ጥልቅ አደረጉልኝ። ገዥውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ባዶውን ቦታ ለረጅም ጊዜ አዩት።

4ኛ. በማግስቱ ሲያካን እየመራሁ አመጣሁት። እሱ "አንተ የላም ሌባ፣ ልጄን በጊደር ለውጠሃት እንዳይሆን!" ሲልዎ፣ እርስዎ እየሳቁ "ዝም በል አንተ ሰካራም፣ እንደ ዛሬ ጠድታ አታውቅም" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ካሪጃ፣ አሁንም ትስቃለች?" አለኝ። "ትስቃለች" አልኩት። በትዳራችን ዘመን ዋሽቼው አላውቅም አልልም፤ እንዲህ ያለውን ውሸት ግን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ክቡር ሆይ፣ አዝኛለሁ፤ ልጄን ሁለተኛ የቀበርኩ ያህል ነው ያዘንኩት። የምለምንዎ አዲሱን ርእስ እንዲያነሱልኝና ሸራውን እንዲመልሱልኝ ነው። አፏ በነበረበት ቦታ ትንሽ ቀይ ቀለም ቀርቷል፤ እሱን ማየት ይበቃኛል። ይህ ደብዳቤ ከሲያካ ጆሮ ይደርሳል ብለው አይስጉ። ጋዜጣ የማነብለት እኔ ስለሆንኩ ይህን ገጽ እዘለዋለሁ፤ ጎረቤቶቼም ዝም እንዲሉልኝ አደራ ብያለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቴ አንዲት ስድብ እንዳልሰድብዎ ቃል እየገባሁ፣ ለባዕድ ሰው የሚገባውን አክብሮት ሁሉ ከሩቅ ሆኜ አቀርባለሁ።

ካሪጃ ሳኑ
የቢንቱ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሲያካ "ያ የላም ሌባ የት ጠፋ? ሳይሰድበኝ ሰነበተ እኮ" እያለ ይጠይቀኛል። ቤታችን እንዳይመጡብኝ ብዬ በጠና ታመዋል አልኩት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ተንበርክኮ ይጸልይልዎታል። ስለዚህ ለጤናዎ አያስቡ፤ ፊቷን ያጠቡባት ልጅ አባት ስለ እርስዎ እየለመነ ነው።