አንተ መርገህ የተውካት መርከብ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ይጁቤ ያለው ቤታችን ደህና ነው። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም እርሻውን ለማንም አልሰጠችም። እኔም እስካለፈው ወር ድረስ እዚያው የእህል ወፍጮውን ሞተር ሳስነሳ ነበርኩ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ አለኝታ ነው፤ እማዬ ጣውንቴ እያለች ታማት ስለነበረችው የጭነት መርከብህ።

ብረቷ ተቆራርጦ በካሚዮን ወደ ጣና ሲያልፍ ደብረ ማርቆስ ላይ አይተህ፣ ይሄ መርከብ ነው ሲሉህ እንደሳቅክባቸው ነግረኸኝ ነበር። ከዚያ ግን ተከትለሃት ሄድክ። አንተ ዋና የማትችለው ደገኛ፣ እሷ ስትገጣጠም ብሎን አቀባይ፣ ኋላም ሞተረኛዋ ሆነህ ዕድሜህን ከእሷ ጋር ፈጀህ። ጤፍና ሲሚንቶ ወደ ጎርጎራ፣ ማዳበሪያ ወደ ቁንዝላ፣ ለደሴት ገዳማቱም እህልና ቆርቆሮ አመላለሰች። ትምህርት ሲዘጋ ይዘኸኝ ትሄድ ነበር። ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ስንደርስ እኔ ሞተር ክፍል እቀራለሁ፤ ሙያውን የለመድኩትም ያኔ ነው።

ባለፈው ወር ባለቤቶቿ ለቁራጭ ብረት ሊሸጧት መሆኑን ሰማሁ። ለካ አንተ ከሄድክ ወዲህ ሞተሯ እምቢ ብሎ ቆማ ኖሯል፤ ሦስት መካኒኮች አይተው አብቅቶለታል ብለዋል። አላመንኩም። አንተ የያዝከው ሞተር እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። ሂጂ ያለችኝም እማዬ ራሷ ናት። ወፍጮውን ዘግቼ ባሕር ዳር ስደርስ ብረት ቆራጮቹ መሣሪያቸውን አውርደዋል። ባለቤቶቿ የላኩት ኃላፊ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ እንድሞክር ፈቀደልኝ፤ አንዱ ቆራጭ ደግሞ ቀሚሴን አይቶ ሳቀ። ይሳቅ አልኩ።

ሰው ሁሉ ፓምፑን ሲፈታና ሲገጥም ያላየውን እኔ አውቀው ነበር። ክረምት መርከቧ ስትቆም እርጥበት እንዳይገባባት፣ ጢስ ማውጫውን ከሞተሩ ጋር ከሚገናኝበት ፈትተህ፣ ይጁቤ ጎተራ እንደሚመረገው በጭቃና በጭድ መርገህ መልሰህ ትገጥመዋለህ፤ ጢሱ መውጫ ካጣ ሞተሩ ስለማይነሳ መስከረም ላይ ትከፍተዋለህ። ጭቃውን የማቦካልህ እኔ ነበርኩ። የመጨረሻውን ክረምት መረግክና ታመምክ፤ ከዚያ ወዲህ የከፈተው የለም። ብፈታው ጭቃህ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል፣ የጣቶችህ አሻራ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። እጄን አሳርፌበት አለቀስኩ። ከዚያ በመሮ ፈነቀልኩት። ከኋላው ዝገት የሚባል ነገር አልነበረም። ጢስ ማውጫውን መልሼ ገጥሜ፣ ናፍጣውን ቀይሬ፣ ከናፍጣ ቱቦው አየሩን አስወጥቼ ሞከርኳት፤ በሁለተኛው ተነሳች!

ቆራጮቹ መሣሪያቸውን መልሰው ጫኑ። ባለቤቶቿም ሽያጩን ትተው ሞተረኛነቱን ለእኔ ሰጡኝ። ትናንት ማዳበሪያ ይዘን ቁንዝላ ደርሰን ተመለስን።

በአንድ ነገር ግን ተቀይሜሃለሁ አባዬ። ለምን ከእኔ ሌላ ለማንም አልነገርክም? እኔ ባልሰማ ኖሮ ከዝገት ያዳንካትን መርከብ በዝምታህ አስቆርጠሃት ነበር። ስለዚህ ከጢስ ማውጫው በላይ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ጻፍኩት፦ ክረምት እዚህ ይመረጋል፣ ሳትከፍት አታስነሳ። ከሥሩ ስምህ አለ። እኔ በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። እኔ ባልኖር እንኳ፣ በየመስከረሙ አለኝታን የሚያስነሳ ሁሉ አስቀድሞ ስምህን ያነባል።

ልጅህ