ሥራ አስኪያጁ ታዲዎስ

ለተከበሩ አክስቴ እትዬ የሻረግ፣ ደብረ ማርቆስ

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? እኛ ቂርቆስ ሰማዕቱ ጠብቆን ደህና ነን። የላኩልን ቅቤ ደርሶናል።

ወንድሜ ታዲዎስ ኦሎምፒያ አካባቢ ለአንድ ነጋዴ ሹፌር ሆኖ እንደሚሠራ ያውቃሉ። አምና አለቃው አዲስ ኩባንያ ሲያቋቁም በታዲዎስ ስም አስመዘገበው። «ፊርማ ብቻ ነው ያሉኝ፣ በቃ» አለኝ። እንዲህ ሆኖ በወረቀት ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ሰፈሩ «ማናጀር» እያለ ሲቀልድበት ደስ ይለው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች ቤታችን መጡ።

«የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ የሚኖረው እዚህ ነው?»

የዛገውን ቆርቆሯችንን አይተው እርስ በርስ ተያዩ።

«ማን ፈለገው ልበል?» ብላቸው ስማቸውን አልነገሩኝም።

«የለም፣ ወጥቷል» አልኳቸው። ታዲዎስ ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሹን ውጦ ቆሞ ነበር። በማግስቱ አለቃውን ፍለጋ ቢሮው ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል፣ ታፔላው ተነቅሏል፤ ስልኩም አይሠራም።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ታዲዎስ እህል አልበላ ስላለኝ የአየር ለውጥ ይሻለው ይሆናል ብዬ ነገ በማለዳ ወደ እርስዎ እልከዋለሁ። ለጎረቤት ባያስተዋውቁት ደስ ይለኛል። ሲጠሩትም በክርስትና ስሙ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ይበሉት። ስልኩን እኔ ዘንድ ትቶ ስለሚመጣ አይደውሉለት።

እዚህ የሚጠይቅ ከመጣ፣ ወንድም የለኝም እላለሁ። አይቀየሙኝ እትዬ።

በጸሎትዎ አይርሱን። በደጉ ቀን ያገናኘን።

አክባሪዎ ሰብሊ