ከድሮዎቹ ጋር የተባረረው ስልኬ

አንቺዬ፣ ስልኬ ዝም ያለው ሞቼ እንዳይመስልሽ፤ የልጅ ልጄ ዘግታብኝ ነው፤ ይኸው ካርድ ሞልቼ በተራው መስመር ደወልኩልሽ። የምንደዋወልበትን ፕሮግራም ከጓደኞቿ ጋር በነፃ የምትሠራው እሷ አይደለች? ማክሰኞ ጠዋት፣ ካልሲ በተሰጣበት ወንበር ላይ ቁጢጥ ብላ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ለድሮው ቨርዥን ድጋፍ የለም» ብላ ለዓለም አወጀች፤ በአሮጌ ስልክና ኮምፒውተር ያለው ፕሮግራም ከእንግዲህ አይሠራም ማለቷ ነው። ልመናው ከየአገሩ ጎረፈ። አንድ የክሊኒክ ሰው «ኮምፒውተራችን አሮጌ ነው፣ ትንሽ ታገሱን» ይላታል።

እሷ እቴ! «ይቀይሩዋ! አሮጌ ስንት ዘመን ልሸከም?» እኛ ሰፈር እኮ ለማኝ እንኳ እንዲህ አይባልም።

ከሰዓት ላንቺ ብደውል ስልኬ አሻፈረኝ አለ። ልጅቷ ተቀብላኝ አየችውና ፊቷ አመድ መሰለ።

«እማማ፣ ያንቺም ከድሮዎቹ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ እንደ ባለቤቱ! አንቺን ሦስት ዓመት በጀርባዬ ስሸከም ድጋፍ የለም ብዬሽ ነበር?»

ይኸው አንገቷን ደፍታ እየመለሰችው ነው፤ ለአሮጌዎቹ ስድስት ወር ጨምራለች፤ የሚከፈተው ግን በሚመጣው ሳምንት ነው። ምክንያቱን «በተጠቃሚዎች ጥያቄ» ብላ ጻፈች፤ ተጠቃሚዎቹ እኔና ምርኩዜ ነን። የክሊኒኩ ሰውዬማ ምርቃቱን አዘነበላት።

ካርዱ አለቀብኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ጉልበትሽን ከብርድ ሸፍኚ። ያቺን አሮጌ ስልክሽን ደግሞ እንዳትጥያት፣ አስከብሬልሻለሁ።